መጥፎ ሽታን በሂንዲ ለመግለጽ «በድቡ» ብቻውን ይበቃልን?

ጠያቂ፦ ከታቦር ሥር (ሐዋሳ)

ሐዋሳ በሚገኝ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የጨርቅ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። የክፍላችን ኃላፊና አብዛኞቹ የማሽን ባለሙያዎች ከህንድ የመጡ ናቸው። ከእኛ ጋር በእንግሊዝኛ፣ እርስ በርሳቸው ግን በሂንዲ ስለሚነጋገሩ፣ እኔም ላለፈው አንድ ዓመት ገደማ ቋንቋውን በግሌ ስማር ቆይቻለሁ። ሰላምታውን፣ ቁጥሩን፣ የቀለማቱን ስምና የልብስ መለኪያውን ይዣለሁ፤ የቸገረኝ የሽታ ነገር ነው።

ሥራዬ አፍንጫ ይፈልጋል። ከመጋዘን የወጣ ጣቃ እርጥበት ነክቶት እንደ ሆነ ዓይን ሻጋታውን ከማየቱ በፊት አፍንጫ ያውቀዋል፤ የማሽን ዘይት የፈሰሰበትም፣ ማቅለሚያው በደንብ ያልታጠበለትም እንዲሁ ነው። በአማርኛ ቢሆን ይህኛው እምክ እምክ ይላል፣ ያኛው ጋዝ ጋዝ ይሸታል፣ ሌላው ይሰነፍጣል፣ የፍሳሹ ቦይ ከርፍቷል እያልኩ አንዱን ከሌላው እለያለሁ። በሂንዲ ግን ለሁሉም ያለኝ ቃል «በድቡ» የሚለው አንድ ብቻ በመሆኑ፣ ሰሚው የጨርቁን ችግር ከእኔ አፍ ሊረዳ አይችልም።

ለመጠየቅ ያስገደደኝ ግን ባለፈው ሳምንት የደረሰብኝ ነው። ወደ መጋዘኑ በር ስንቀርብ ኃላፊዬን «መጥፎ ሽታ ይሸትዎታል?» ብዬ ለመጠየቅ አስቤ «ኣፕሴ በድቡ ኣ ረሂ ሄ» አልኳቸው። ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ፤ አጠገባችን የነበሩትም ዝም አሉ። የተናገርኩት «ከእርስዎ መጥፎ ሽታ እየመጣ ነው» ማለት መሆኑን ቆይቶ አንድ ባልደረባዬ ነገረኝ። ይቅርታ ጠይቄያቸው በደግነት ተቀብለውኛል፤ ቢሆንም አባቴ በሚሆኑ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ መውጣቱ እስካሁን ያሳዝነኛል። ስሕተቴ በትክክል የቱ ላይ እንደ ሆነ፣ ለየሽታው ዓይነት የትኞቹን ቃላት ብማር እንደሚሻልና ሰውን ሳላስቀይም እንዴት መናገር እንደምችል ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ የዴልሂው ተማሪ

እህቴ፣ የተሳሳቱት በአንዲት ቀለም ነው፤ ቃሉንም ግሱንም በትክክል ተጠቅመዋል። በሂንዲ «ኮ» ነገሩ የሚደርስበትን ወይም የሚሰማውን ሰው ሲያመለክት፣ «ሴ» ደግሞ ነገሩ የሚነሣበትን ቦታ ያመለክታል። ስለዚህ «ኣፕኮ በድቡ ኣ ረሂ ሄ» ማለት መጥፎ ሽታ ወደ እርስዎ እየመጣ ነው፣ በእኛ አነጋገር ይሸትዎታል ማለት ነው። «ኣፕሴ» ሲሆን ግን የሽታው ምንጭ ራሳቸው ሰውየው ይሆናሉ። ለራስዎም ሲናገሩ «ሙጄ በድቡ ኣ ረሂ ሄ» ካሉ ይሸተኛል ማለትዎ ነው፤ «ሙጅሴ» ካሉ ግን ከእኔ ይሸታል ይሆናል።

«ኣፕሴ» ለምን ቀድሞ አፍዎ ላይ እንደ መጣ የምገምተው አለኝ። ሂንዲ «መጠየቅ» እና «መናገር» የሚሉትን ግሶች ከ«ሴ» ጋር ያስኬዳል፤ «ኣፕሴ ኤክ ባት ፑችህኒ ሄ» ሲባል አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር ማለት ነው። የክፍልዎን ኃላፊ ዘወትር በዚህ አነጋገር ስለሚጠይቋቸው ቃሉ ከእርሳቸው ጋር ተጣብቆብዎት ይሆናል።

እኔም በመጀመሪያው ዓመት ዴልሂ ውስጥ ስማር ይህ ነገር አስቸግሮኝ ነበር። ችግሩ የተፈታልኝ ሂንዲውን በእንግሊዝኛ በኩል ማሰብ በተውኩ ጊዜ ነው። እንግሊዝኛ አሽታቹን ሰው ባለቤት አድርጎ ያስቀድማል። አማርኛ ግን «ሸተተኝ» ሲል ባለቤቱ ሽታው ነው፤ ሰውየው በግሱ መጨረሻ ላይ ባለችው «ኝ» ውስጥ ተቀባይ ሆኖ ይቀመጣል። ሂንዲም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ሽታው ይመጣል፣ ሰውየው ይቀበላል። «ይሸተኛል» ማለት ሲፈልጉ «ሙጄ»ን፣ «ይሸትዎታል» ማለት ሲፈልጉ «ኣፕኮ»ን ያስቡ፤ አማርኛው ላይ «ከ» የሚል ፊደል በመጣ ቁጥር ብቻ «ሴ»ን ያስገቡ። ለጣቃው «ኢስ ትሃን ሴ በድቡ ኣ ረሂ ሄ» ይላሉ፤ «ትሃን» ጣቃ ነው፤ ከዚህ ጣቃ መጥፎ ሽታ ይመጣል ማለት ነው። የያኔውን ጥያቄዎን ደግሞ «ክያ ኣፕኮ በድቡ ኣ ረሂ ሄ?» ብለው ያስተካክሉት።

በድቡ፣ ቡ፣ ገንድህ፣ መሀክ የሚባሉት የሽታ ስሞች ሁሉ በሂንዲ የሴት ጾታ ናቸው። «ረሂ» እንጂ «ረሃ» የማይባለውም፣ በመካከል የምትገባው አገናዛቢ ሁልጊዜ «ኪ» የምትሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መልስ፦ ጡረተኛው የቋንቋ መምህር (ሐዋሳ)

ከላይ የተሰጠው የሰዋስው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ እኔ ወደ ቃላቱ ልሂድ። «በድቡ» ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ሲሆን «በድ» መጥፎ፣ «ቡ» ሽታ ነው፤ ተቃራኒው «ኹሽቡ» መልካም መዓዛ ነው። በሳንስክሪት በኩል ደግሞ «ገንድህ» የሚል ገለልተኛ ቃል አለ፤ «ሱ» ሲቀደምለት «ሱገንድህ» መልካም መዓዛ፣ «ዱር» ሲቀደምለት «ዱርገንድህ» ግማት ይሆናል። ሁለቱ ጥንዶች ትርጉማቸው ቢቀራረብም የሚነገሩበት ቦታ ይለያያል። የህንድ ሕገ መንግሥት አርቃቂ ጉባኤ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 1949 በዴቫናጋሪ ፊደል የሚጻፈውን ሂንዲ የመንግሥት የሥራ ቋንቋ አድርጎ ከተቀበለ ወዲህ፣ በጽሕፈት ቤትና በጋዜጣ ከሳንስክሪት የመጡት ቃላት ይመረጣሉ፤ በቤትና በሥራ ቦታ ግን ሰው «በድቡ» ይላል። እኛም ከግእዝ የወረስነውን «መዓዛ» ለጽሑፍና ለክብር ስናቆይ በየዕለቱ «ሽታ» እንደምንለው ነው። እርስዎ ለጽሑፍ ሪፖርት «ዱርገንድህ»ን፣ ለንግግር «በድቡ»ን ይያዙ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚስቡት በ«ንድህ» የሚያበቁት ቃላት ናቸው። «ገንድህ» የሚለው ስም ከሌላ ቃል ጋር ሲጣበቅ ሳስቶ ጅራቱ ብቻ ቀርቷል። «ሰርና» መበስበስ ነው፤ ከእርሱ «ሰራንድህ» የሚል ስም ይወጣል፤ የበሰበሰ ነገር ሽታ፣ በእኛ ጥንባት የምንለው ነው። ለተዘጋ ቦይ፣ ከሳጥን ኋላ ለሞተች አይጥ፣ ለቆየ ቆሻሻ ይኸው ቃል ይሆናል። «ቢሳየንድህ» የጥሬ ዓሣና የሥጋ ሽታ ነው፤ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ረፋድ ላይ የቆመ ሰው ቃሉን ሳይተረጎምለት ይገባዋል። «ቺራየንድህ» ደግሞ ጸጉር፣ ቆዳ ወይም ስብ ሲቃጠል የሚሸተው ነው። ይህ ለእርስዎ ሙያ የሚጠቅም ይመስለኛል፤ የክር ዓይነት ለመለየት ጥቂት ክር በእሳት ሲፈተን ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ሲሸት፣ ሱፍና ሐር የተቃጠለ ጸጉር ይሸታሉና።

እርስዎ እምክ እምክ ይላል ላሉት ሂንዲ «ሲለን» የሚል ቃል አለው። «ሲለን» ራሱ ሽታ አይደለም፤ ግድግዳ ወይም ዕቃ ውስጥ የገባ እርጥበት ነው። ሽታውን ለመግለጽ «ሲለን ኪ ቡ» ይላሉ። የአደረ ምግብን «ባሲ» ይሉታል፤ የላብ ሽታን ደግሞ «ፐሲኔ ኪ በድቡ»።

ስለ አጠራር አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በጽሑፌ «ድህ» ብዬ ያስቀመጥኩት አንድ ድምፅ ነው፤ «ድ» እና «ህ» በአንድ ትንፋሽ ይወጣሉ። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች እንዲህ ያለ ድምፅ ስለሌለን፣ ትንፋሹን እንዘለዋለን ወይም «ትህ» በሚለው ቦታ «ጥ»ን እናስገባለን። «ጥ» በጉሮሮ ታፍኖ የሚፈነዳ ድምፅ ስለሆነ ለህንዳዊ ጆሮ እንግዳ ነው። ትንፋሹ ካልወጣ «ገንድህ» ቆሻሻ ማለት ወደ ሆነው «ገንዳ» ወደሚለው ቃል ይጠጋብዎታል። እግረ መንገዴን፣ ይህኛውን ቃል ተማሪዎቼ ከአንድ ጊዜ በላይ ማጥናት አላስፈለጋቸውም፤ ከየቆሻሻ ገንዳችን ጋር አያይዘው ያዙት። ዝምድናቸው የአጋጣሚ ነው፤ የሂንዲው በፋርስ በኩል የመጣ ነው።

መልስ፦ የጥገና ክፍል ባልደረባ

መምህር፣ አክብሮቴ እንደ ተጠበቀ ሆኖ በአንድ ነገር አልስማማም። «ቢሳየንድህ» እና «ቺራየንድህ» የሚያምሩ ቃላት ናቸው፤ ሆኖም ለዓመታት አብሬያቸው ከሠራኋቸው ህንዳውያን መካከል በዕለት ንግግሩ ሲጠቀምባቸው የሰማሁት ጥቂቱን ነው፤ ሌሎቹ «መችህሊ ኪ ቡ» ብለው የዓሣ ሽታ ማለትን ይመርጣሉ። በዚያ ላይ የህንድ ሕገ መንግሥት በዝርዝሩ የያዛቸው ቋንቋዎች 22 ናቸውና ከህንድ የመጣ ሁሉ አፉን በሂንዲ የፈታ አይደለም። ከደቡብ ህንድ ለመጣ ሰው ሂንዲ ራሱ የተማረው ቋንቋ ሊሆን ስለሚችል ቀላሉ አነጋገር ለሁለታችሁም ይሻላል።

ጠያቂዋ ቢፈቅዱልኝ፣ ከዝርዝሩ ሁሉ አስቀድመው አንድ ሐረግ ይያዙ፦ «ኩችህ ጀልኔ ኪ ቡ ኣ ረሂ ሄ»፤ የሆነ ነገር ሲቃጠል ይሸታል ማለት ነው። የማሽን ሞተር ጥቅልል ሽቦ ከመቃጠሉ በፊት የሽፋኑ ቀለም ይሸታል፤ ያን ጊዜ ሰው ቃል ሲፈልግ መቆም የለበትም። ይህ ከአፍዎ ሳይታሰብ የሚወጣ እስኪሆን ድረስ ቢደጋግሙት ደስ ይለኛል። ከዚያ በኋላ «ጀልኔ» ባለበት ቦታ የሌላውን ነገር ስም መተካት ነው። «ሚቲ ኬ ቴል ኪ ቡ» የነጭ ጋዝ ሽታ ነው፤ ቃል በቃል የአፈር ዘይት ማለት ነው። እኛ ስሙን ደግመን ጋዝ ጋዝ፣ ዓሣ ዓሣ፣ ጭስ ጭስ እንላለን፤ እነርሱ ስሙን አንድ ጊዜ ጠርተው «ኪ ቡ» ይጨምራሉ። የአማርኛ ድግግሞሽዎን በሙሉ በዚህ መንገድ መመንዘር ይችላሉ።

ለጨዋነት ደግሞ «ሲ» የምትባለውን ትንሽ ቃል ይጠቀሙ። «አጂብ ሲ ቡ» እንግዳ የሆነች ነገር ሽታ እንደ ማለት ነው፤ «አጂብ» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን የእኛም «አጀብ» የዚያው ዘር ነው። «ሀልኪ ሲ ቡ» ደግሞ ስስ፣ ቀለል ያለ ሽታ ነው። ከመጋዘን ኃላፊ ጋር ስነጋገር «በድቡ» ብዬ ከምጀምር «አጂብ ሲ ቡ» ብዬ ስጀምር ሰውየው ጥፋተኛ ተባልኩ ሳይል አብሮኝ መጥቶ ያሸታል።

ጠያቂ፦ ከታቦር ሥር (ሐዋሳ)

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ጠዋት ከመጋዘን ከወጡት ጣቃዎች አንዱን ለኃላፊዬ አቅርቤ «ኢስ ትሃን ሴ ሲለን ኪ ቡ ኣ ረሂ ሄ» አልኳቸው። ጣቃውን አንስተው አሸተቱትና እውነትሽን ነው ብለው እንዲለይ አዘዙ፤ የ«ድህ»ንና የ«ትህ»ንም አጠራር አርመውልኛል። ለእኔ ትልቅ ዕረፍት ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶኛል። በመጪው እሑድ እርሳቸውንና ባለቤታቸውን እቤታችን ጋብዘናል። እናቴ ሲዳማዎች «ዋሳ» የምንለውን ቆጮ ታቀርባለች። ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ የሚብላላ በመሆኑ ሽታው ለለመደው ሰው የምግብ ጥሪ ቢሆንም ለእንግዳ ሊከብድ ይችላል። አስቀድሜ ልነግራቸው እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን የእናቴን ምግብ «በድቡ» በሚል ቃል መጥራት አልሻም። «መሀክ» መልካም መዓዛ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ እርሱን ልጠቀም?

መልስ፦ የዴልሂው ተማሪ

«መሀክ» ይሆናል፤ ግን ብቻውን አይተዉት። በአብዛኛው የሂንዲ አገር መልካም መዓዛ ቢሆንም፣ ከቢሃር የመጡ የክፍል ጓደኞቼ «መሀክ ረሃ ሄ» ሲሉ ይገማል ማለታቸው ነበር። ኃላፊዎ ከየት ክፍለ ሀገር እንደ መጡ የማያውቁ ከሆነ የሽታውን ዓይነት አብረው ይጥቀሱ። «ኸሚር» እርሾ ወይም የተብላላ ነገር ነው፤ «ኸቲ» ደግሞ ጎምዛዛ። «ኢስሜን ኸሚር ኪ ኸቲ መሀክ ሆቲ ሄ» ሲሉ፣ ይህ ምግብ የእርሾ ጎምዛዛ መዓዛ አለው ማለትዎ ነው፤ «ሆቲ ሄ» የተባለበትም ምክንያት ሽታው ዛሬ ብቻ የመጣ ሳይሆን የምግቡ ጠባይ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው። በብዙ የህንድ ወጥ ቤቶች ሊጡ አድሮ የሚቦካ ምግብ ስለሚጋገር ቃሉ ለባለቤታቸው እንግዳ አይሆንባቸውም። በተጨማሪ «ሂንግ» የሚባል፣ ጥሬውን ሲያሸቱት የሚከረፋ፣ ዘይት ውስጥ ሲጠበስ ግን ጠባዩ ፈጽሞ የሚለወጥ ቅመም አላቸው። እናትዎ ቆጮውን ምጣድ ላይ ሲያገላብጡ «ሂንግ ኪ ተረህ» ይበሏቸው፤ እንደ ሂንግ ማለት ነው፤ ነገሩን ከዚያ በላይ ማስረዳት አያስፈልግዎትም።