ከባሕር ዳር ለጃምሁሪ በዓል ናይሮቢ ለምትሄዱ

እኅቴ ናይሮቢ ትኖራለች። በእሷ ምክንያት የኬንያን የጃምሁሪ በዓል ለማክበር ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አንዴ በመኪና፣ አንዴ በአውሮፕላን። ሰሞኑን ከከተማችን ሠፈሮች፣ ከሽንብጥም ከአባይ ማዶም «በምን እንሂድ? ምን እንያዝ?» እያላችሁ ስለምትደውሉልኝ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ቀኑን አትሳቱ። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 12 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 3 ይውላል፣ ጳጉሜን ስድስት ሆና ባለፈችበት ዓመት ግን ታኅሣሥ 2። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ነጻ የወጣችውም፣ በዓመቱ በ1964 ሪፐብሊክ የሆነችውም በዚሁ ቀን ነው። ማዳራካና ማሹጃ የሚባሉ ሌሎች ብሔራዊ በዓላት አሏቸው፤ እነሱ ግን ከአውራጃ አውራጃ እየተዘዋወሩ ይከበራሉ። ዋና ከተማዋን በበዓል ልብሷ ማየት የሚፈልግ ሰው ጃምሁሪን ይምረጥ።

ወደ መንገዱ ልምጣ። በየብስ ስሄድ ርካሽ ነው ብዬ ነበር። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ በሐዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ ድረስ 770 ገደማ፤ ከሞያሌ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ በኩል ናይሮቢ ለመግባት ደግሞ ያንኑ ያህል ይቀራል። አስፋልቱ ጥሩ ነው፤ የማርሳቢት በረሃም ላየው ሰው አይረሳም። ግን የተሳፈርንበት አውቶቡስ ከማርሳቢት ሳንርቅ ተበላሸና ሌሊቱን እዚያው አደርን። በበዓሉ ቀን ከቀኑ አሥር ሰዓት አልፎ ናይሮቢ ስንገባ ሰዉ ትንሿን ባንዲራ በእጁ እንደያዘ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነበር። አንዲት ሕፃን በአባቷ ትከሻ ላይ ተኝታ ባንዲራዋ ከእጇ ሳይወድቅ ተንጠልጥሎ አይቻለሁ። ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ ያገኘሁት በዓል ይህ ብቻ ነበር፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ለበዓሉ ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ በአውሮፕላን ሂዱ። ከእኛ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት፣ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሁለቱን በረራ በአንድ ትኬት ግዙት እንጂ ለየብቻ አትግዙት፤ የመጀመሪያው ቢዘገይ ቀጣዩን የሚያስተካክልላችሁ ያው አየር መንገድ ይሆናል። ጊዜ ኖሯችሁ አገር ማየት ለምትፈልጉ በየብስ መሄድ ጥሩ ነው፤ ግን ከበዓሉ አራትና አምስት ቀን ቀደም በሉ፤ ከመነሳታችሁ በፊትም የመንገዱን ሰላም ጠይቁ።

ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አያስፈልግም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግን ያስፈልጋል፤ ክትባቱ ከመነሳታችሁ ቢያንስ አሥር ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ይህን ለመጨረሻው ሳምንት የሚተው ሰው ብዙ ነው፤ እባካችሁ አትተዉት።

ስንቅ ላይ ረዘም ልበል፤ በዓሉ በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል ለጾመኛ ነገሩ ቀላል አይደለም። ናይሮቢ በዚያ ቀን ከየአቅጣጫው የሚሸተው ንያማ ቾማ ነው፤ የሥጋ ጥብስ፣ በብዛት የፍየል። እኔ የያዝኩት ድርቆሽና ሽሮ ነበር። ድርቆሹን አንዴ ከሱቅ ገዛሁ፣ አንዴ ቤት አደረቅን፤ የቤቱ ይበልጣል። የሱቁ ወፍራም እንጀራ ስለነበር መሀሉ ሳይደርቅ ታሽጎ ሻጋታ ጀምሮት ነበር። ስስ አድርጋችሁ ጋግሩት፣ በጥላ ሳይሆን በፀሐይ አድርቁት፣ በእጅ ሲሰበር ቀጭ ካለ ደርሷል። ሽሮውን ግን ከባልትና ቤት መግዛት አይከፋም፤ ታሽጎ ስሙ የተጻፈበት ሻንጣ ሲፈተሽ ብዙ አያስጠይቅም። በየላስቲኩ የተቋጠረ ዱቄት ሁልጊዜ ያስከፍታል።

ከእነሱ ምግብም በጾም የሚበላ ሞልቷል። ጊተሪ በቆሎና ቦሎቄ አንድ ላይ የተቀቀለ ነው፤ ከእኛ ንፍሮ ብዙ አይርቅም። ቻፓቲ የሚሉት ቂጣ ከንዴንጉ፣ ማለትም ከማሾ ወጥ ጋር ደግሞ ክክ ወጥ ለለመደ ሰው ይስማማል። ሱኩማ ዊኪ ጎመን ነው፤ ስታዝዙ «ቢላ ንያማ» በሏቸው፣ ያለ ሥጋ ማለት ነው። ሻያቸው ከወተት ጋር አብሮ የሚፈላ ስለሆነ ወተት የሌለበትን ለማግኘት «ቻይ ያ ራንጊ» ማለት ነው።

ለስጦታ ጋቢ፣ የደንገል ታንኳና አገልግል አወዳድሬያለሁ። ጋቢ ክብሩ ትልቅ ነው፣ ግን ሻንጣ ይሞላል። ከጣና ዳር የምትገዛው ትንሿ የደንገል ታንኳ ሕፃናትን ታስደስታለች፤ ነገር ግን ሌላ ዕቃ ከላይዋ ከዋለ ትሰበራለች። ምርጫዬ የገበያችን አገልግል ነው። ስትገዙ ክዳኑን ደጋግማችሁ ክፈቱት ዝጉት፣ ስፌቱን በጣታችሁ ዳስሱት፣ ከሁሉም በላይ ውስጡን አሽትቱት፤ ቆዳው በደንብ ያልደረቀ ከሆነ ሻንጣውን በሙሉ ያገማዋል። ባዶውን አትውሰዱት፤ የምትወስዱትን ቡና እዚያ ውስጥ አድርጉት፣ ቦታም ትቆጥባላችሁ።

በዓሉ አንዳንድ ዓመት በላንጋታ መንገድ ባለው ኡሁሩ ጋርደንስ፣ አንዳንድ ዓመት በንያዮ ስታዲየም ይደረጋል፤ የዚያን ዓመቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ኡሁሩ ጋርደንስ እ.ኤ.አ. በ1963 የኬንያ ባንዲራ መጀመሪያ የተሰቀለበት ቦታ ነውና ዕድሉ ከገጠማችሁ እሱን አትለፉት። መግቢያው በነጻ ነው። በአውሮፕላን በሄድኩበት ጊዜ እኛ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥተን ነው ቦታ ያገኘን፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ቆሞ ዋለ። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ በበዓል ዋጋ ስለሚጨምር ሒሳቡን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ። ቦርሳ አትያዙ፣ ፓስፖርታችሁን ግን ያዙ። ፕሬዚዳንቱ ክፍት መኪና ላይ ቆሞ ሲገባ፣ ሰልፈኛው ወታደር ሲያልፍ፣ አውሮፕላኖቹ ከራሳችን በላይ ሲያገሡ ሰዉ አንድ ላይ ይጮኻል። ንግግሩ ይረዝማል፤ የየብሔረሰቡ ጭፈራ ግን ያን ሁሉ ያስረሳል። መዝሙራቸው ሲጀመር ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ ከአጠገቤ የነበሩ አዛውንት እንግዳ መሆኔን አይተው ከመዝሙሩ በኋላ እጄን ጨበጡኝ።

ከሰዓት የእኅቴ ጎረቤት የሆነች እናት ቤት ተጋበዝን። ከዓመት በፊት እኅቴ የሰጠቻትን የባሕር ዳር አገልግል አውጥታ ትኩስ ቻፓቲ ሞልታበት አገኘኋት፤ ክዳኑን ስትከፍተው እንፋሎቱ ገና ይወጣ ነበር።