እርዱን! ሚኒባሳችን ወንዝ መሀል አሸዋ ውስጥ ገባ (ከአልዩ አምባ በታች)

የቆላ ወፍ፦ ሰላም ጎበዝ፣ ቶሎ መልሱልኝ። ወፍ ለማየት በቡድን ከደብረ ብርሃን ተነስተን፣ በአንኮበር አድርገን ወደ መልካ ጅብዱ ስንወርድ ሚኒባሱ ደረቅ ወንዝ መሀል ተቀረቀረ። የኋላ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ ነዳጅ በሰጠነው ቁጥር ይሰምጣል። ከወንዙ ዳር ካለው ገደል አፈር ቆርሰን ከሥሩ ብንጨምር ይሆናል? ባትሪዬ ሊያልቅ ነው።

ወለላ፦ ቆይ፣ ሚኒባስ ይዞ ወንዝ ውስጥ መግባት ምን የሚሉት ነው?

የቆላ ወፍ፦ እህቴ፣ መንገዱ ራሱ ወንዙን አቋርጦ ነው የሚያልፈው።

የድሮ ሾፌር፦ ነዳጅ መስጠት አቁሙ! ሰው ይውረድ፣ ዕቃ ይራገፍ። ከዚያ ጎማ አስተንፍሱ፣ አራቱንም፣ ከወትሮው ግማሽ ገደማ እስኪደርስ። ጎማው ሲለሰልስ አሸዋው ላይ ይሰፋል እንጂ አይቆርጠውም።

ባለመነጽር፦ እስካሁን እናንተ ወፍ ስታዩ ነበር፣ አሁን ወፎቹ እናንተን እያዩ ነው 😂 አይዟችሁ።

የሸዋ ወፎች፦ መልካ ጅብዱ ካላችሁ አይቀር ልንገራችሁ። ጉሮሮዋ ላይ ቢጫ ያላት ያቺ ትንሽ ዘር በል ወፍ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለችም። በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጥቂት ናሙናዎቿ ከሸዋ ተሰብስበው፣ ከዚያ እስከ 1989 የሚያያት ጠፋ። ላይ አንኮበር ገደል ላይ ያለችው ደግሞ ሌላ ናት፣ ለሳይንስ የተመዘገበችው በ1979 ነው። ገደሉን ግን እባካችሁ አትቆርሱት። ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ አይታይም? ንብ በል ወፎች በምንቃራቸው እየቦረቦሩ እንቁላል የሚጥሉት እዚያ ውስጥ ነው።

ወለላ፦ ሰው በረሃ ላይ ተቸግሮ ስለ ጉሮሮ ትተርካለህ?

ጎሚስታው፦ ጎማ አስተንፍሱ። ስትወጡ አስፋልት ላይ እንዳትሮጡበት፣ መጀመሪያ ንፋስ አስሞሉ።

የድሮ ሾፌር፦ ብያለሁ እኮ። ከጎማው ፊት ያለውን አሸዋ በእጃችሁ ዛቁ፣ ከላይ ደረቅ ቢመስልም ከሥሩ እርጥብ ነው። የመኪናውን ምንጣፍ ወይ የደረቀ ቅርንጫፍ አንጥፉ፣ እሾሁን እያያችሁ። ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ፣ ሌላው ከኋላ ይግፋ።

የቆላ ወፍ፦ እሺ ጋሼ፣ ማስተንፈስ ጀምረናል። ልጆቹ እዚሁ አሸዋው ላይ ጥላ ይዘው ተቀምጠዋል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ችግር የለም።

እማማ ጣይቱ፦ ልጄ፣ የእናንተን ሰማይ አትይ! ወራቱ በልግ ነው። ዝናቡ ደጋ ይጥላል፣ ጎርፉ ቆላ ይወርዳል፣ እናንተ ጋ ጠብ ሳይል ድንገት ይደርሳል። ልጆቹን አሁኑኑ ከወንዙ አውጥታችሁ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡ። አንድ ሰው ወደ ላይ እያየ ይቁም። ድምፅ ከሰማ ሁሉም መኪናውን ጥሎ ይውጣ።

ጎሚስታው፦ ጎማው ተነፈሰ? ስንት አደረሳችሁት?

የአንኮበር ልጅ፦ እኔ አንኮበር ነኝ። እዚህ ጭጋጉ ወርዷል፣ ዝናቡም ጀምሯል። እማማ ያሉትን ስሙ፣ ልጆቹ ወጥተዋል ወይ?

ወለላ፦ ስልኩ አይሠራም። አልዩ አምባ ሰው ያለው ይደውል፣ ገመድ ያለው መኪና ይላክላቸው።