የብሬትፎርተኑ ፐብ ለምን ተጣመመ?

ሚሚ ከበርሚንግሃም፦
ሰላም ለሁላችሁ! ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ብሬትፎርተን ሄደን ነበር፣ እንግሊዝ ውስጥ ዉስተርሻየር ያለች ትንሽ መንደር ናት። እዚያ ዘ ፍሊስ የሚባል በጣም ያረጀ ፐብ (መጠጥ ቤት) አለ። ግድግዳው ተጣሟል፣ ጣሪያው ዝቅ ከማለቱ የተነሳ ባለቤቴ ሁለቴ ግንባሩን ተመታ። ሊወድቅ ነው ወይስ ድሮም እንዲህ ነው? ደግሞ ምድጃው ፊት፣ ወለሉ ላይ ነጫጭ ክቦች ተስለዋል። ምንድን ናቸው?

አናጢው፦
አይወድቅም እህቴ፣ አትስጊ። ቤቱ የቆመበትን ኦክ የሚባለውን ጠንካራ እንጨት ድሮ እርጥቡን ነበር የሚጠርቡት፣ ከደረቀ ለመጥረቢያ አይበገርማ። እንጨቱ ከቆመ በኋላ ነው በዓመታት ውስጥ እየደረቀ የሚጣመመው፣ መጋጠሚያውን ግን የእንጨት ችንካር ስለያዘው ቤቱ አብሮ ይዞራል እንጂ አይበተንም። በምሰሶዎቹ መሃል ያለው ነጩ ግድግዳ የኛ የጭቃ ቤት ዘመድ ነው። ቀጫጭን እንጨት ይጠላለፋል፣ ጭቃ ከጭድና ከእበት ጋር ተቦክቶ ይመረግበታል፣ ላዩን ኖራ ይቀባል። እንጨቱን ጥቁር መቀባት ግን በብዙ ቤቶች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ ፋሽን ነው። እኔ ያልተቀባውን፣ ግራጫውን ኦክ እመርጣለሁ።

የኤቭሻም ልጅ፦
እኔ ቅርብ ነው የምኖረው። ክቦቹ ጠንቋይ በጭስ ማውጫው እንዳትገባ ነው፣ የድሮ ሰው እምነት። ቤቱ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሲሠራ የገበሬ ቤት ነበር፣ ሰውም ከብትም በአንድ ጣሪያ ሥር። ፐብ የሆነው በ1848 ነው። የመጨረሻዋ ባለቤት ሎላ ታፕሊን በ1977 ስትሞት ቅርስ ለሚጠብቀው ድርጅት ለናሽናል ትረስት አወረሰችው፣ ድንች ቺፕስ እንዳይሸጥበት ብላ! በ2004 የሣር ክዳኑ ተቃጥሎ ነበር፣ ደግነቱ መልሰው ሠሩት።

የኖራ ሰው፦
እድሳት ላይ ስለምሠራ አንድ ነገር ልጨምር። እንዲህ ያለ ቤት ያላችሁ፣ እባካችሁ ሲሚንቶ አታስነኩት። ኖራ እርጥበትን ያስወጣል፣ ሲሚንቶ ግን ውስጥ ያፍነዋል። ባለፈው ዓመት አንድ ቤት ሲሚንቶውን ስንፈለፍል ከውጭ ደህና የሚመስለው ምሰሶ ውስጡ በስብሶ ጣቴ እስከ አንጓው ገባ። ያንን ያህል ዘመን የቆመ እንጨት እኮ ነው፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

ሚሚ ከበርሚንግሃም፦
አመሰግናለሁ፣ ተባረኩ! ችንካሮቹን አላስተዋልኳቸውም ነበር። በሚቀጥለው ወር ተመልሰን እንሄዳለን፣ ባለቤቴም ጎንበስ ብሎ ይገባል።