የእንጦጦ ባሕር ዛፍ፦ «አረንጓዴ ከሆነ ይበቃል»?

የእንጦጦ ልጅ፦ ትናንት አንዱ እዚህ «እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፉን አንስቶ ጽድ መትከል ምን ይሠራል? አረንጓዴ ከሆነ ይበቃል» ብሎ ጻፈ። በጣም ነው የተናደድኩት። እስቲ ባሕር ዛፉ ሥር ገብታችሁ መሬቱን እዩት። ደረቅ ቅጠልና የተላጠ ቅርፊት ብቻ ነው። ሣሩ እዚህም እዚያም ነው፣ ቁጥቋጦውም እንደዚያው። ድኩላ ምን ይብላ?

ሽሮሜዳ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። በምኒልክ ዘመን ማገዶ ጠፍቶ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ነበር። አዲስ አበባን ያቆማት ባሕር ዛፍ ነው። ስንቱ ልጅ ያደገው እናቱ ከእንጦጦ ተሸክማ ባወረደችው ጭራሮ ነው!

ጽድና ወይራ፦ ውለታውን ማን ካደ? ግን «ይበቃል» ያልከው ለማን ነው የሚበቃው? የጽድና የወይራ ፍሬ ወፍ ይበላል፤ ዘሩንም ወስዶ ሌላ ቦታ ይጥላል። ደኑ በራሱ ይታደሳል። የባሕር ዛፍን ፍሬ የሚለቅም ወፍ አይተሃል?

ደን ሠራተኛ፦ ሁለታችሁም ቸኮላችሁ። ባሕር ዛፍ ስለተቆረጠ አይሞትም፣ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ተዳፋቱን በአንዴ መንጥራችሁ ችግኝ ብትተክሉ ደግሞ ክረምት ሲገባ አፈሩ ታጥቦ ከተማው ላይ ይወርዳል። ጽድ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። እያሳሱ መሐል መሐሉን መትከል ነው የሚያዋጣው።

ሽሮሜዳ፦ ይኸው! እኔስ ምን አልኩ? ይቆይ ነው ያልኩት።

የእንጦጦ ልጅ፦ አላልክም። «ይበቃል» ነው ያልከው። ይቆይ ያለው እሱ ነው፣ እሱም ጽዱ እስኪደርስ ነው ያለው።

ቀበና ማዶ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቁጥቋጦው ከበዛ ጅብ አይበዛም? በማለዳ የሚሮጥ ሰው አለ።

ጽድና ወይራ፦ ጅብ እንጦጦ ላይ ድሮም አለ። ወደ ሰፈር የሚጎትተው ሜዳ ላይ የምንጥለው ሥጋና አጥንት ነው። ጥፋቱን ኮሶና ወይራ ላይ አታላክኩ።

ቀበና ማዶ፦ ጠየቅኩ እንጂ መቼ አላከክኩ?

ሽሮሜዳ፦ የኔን ጥያቄ ግን ማንም አልነካውም። ባሕር ዛፉ ሲያልቅ ጭራሮ ሸክም ላይ ያሉት እናቶች ምን ይብሉ?

የእንጦጦ ልጅ፦ ችግኙን ማን ይኮትኩት ታዲያ? እነሱው ይቀጠሩበት።

ሽሮሜዳ፦ መጀመሪያ ይቀጠሩ፣ ከዚያ ስለ ጽዱ እናወራለን።