የጃፓን መጸዳጃ ቤት፦ ከዚያ ሁሉ ቁልፍ መካከል የቱን ልጫን?

ጥያቄ (ተጓዧ)፦
በሚቀጥለው ወር በጃይካ (የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት) በኩል ለሥልጠና ወደ ኮቤ እሄዳለሁ። ቀድመውኝ የሄዱ ባልደረቦቼ የመጸዳጃ ቤቱ ነገር ሲነሣ ይሳሳቃሉ እንጂ ቁም ነገሩን አይነግሩኝም። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ቁጢጥ ማለት አልችልም፤ ጃፓንኛም አላነብም። ወረቀቱ የት ይጣላል? ይከፈልበታል ወይ? ውኃ መልቀቂያውስ የቱ ነው?

መልስ (የካትሱሺካው)፦
አይስጉ እህቴ። እዚህ ቶኪዮ ካትሱሺካ፣ ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት ሰፈር፣ እንግዳ ሲመጣ ይህን ሳይጠይቅ አያድርም። ቁልፎቹን ሁሉ ማጥናት አያስፈልግም፤ ከመቀመጫው ሥር የሚረጨውን መታጠቢያ ውኃ ማቆሚያውንና የገንዳውን ውኃ መልቀቂያ ይለዩ። ማቆሚያው ብዙውን ጊዜ የአራት ማዕዘን ምልክት አለው። ከታች ውኃ ሲረጭብዎ ደንግጠው ብድግ አይበሉ፤ እሱን ይጫኑ። መልቀቂያው ላይ ሁለት ፊደላት ያያሉ። እጅና እግሩን የዘረጋ ሰው የሚመስለው ብዙ ውኃ ይለቅቃል፤ መሐሉ ረጅም፣ ግራና ቀኙ አጭር መስመር የሆነው ደግሞ ጥቂት። ግድግዳው ላይ ቁልፍ ካጡ ከገንዳው ጎን እጀታ ይፈልጉ።

ቀይ ወይም ብርቱካናማ ሆኖ ለብቻው የተቀመጠውን ግን አይንኩ። እሱ የድረሱልኝ ጥሪ ነው፤ ሠራተኛ በሩን ሊያንኳኳ ይመጣል።

መልስ (ሁለት ዓመት የኖረች)፦
በሴቶች በኩል የሙዚቃ ኖታ የተሣለበት ቁልፍ ካዩ ውኃ መልቀቂያ እንዳይመስልዎ። የሚያሰማው የውኃ ድምፅ ብቻ ነው፤ ጠብታ አይወርድም። ሴቶቹ ድምፃቸው እንዳይሰማ እያሉ ውኃ ደጋግመው ይለቅቁ ስለነበር፣ ቶቶ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1988 «ኦቶሂሜ» ብሎ ያወጣው ነው። እንግዳ ሰው ይህን ይጫንና፣ ለቀቅሁ ብሎ ሁሉንም ትቶ ይወጣል!

ወረቀቱ እዚያው ገንዳው ውስጥ ይጣላል፤ እንደ እኛ አገር ቅርጫት አይፈልጉ። ትንሿ ክዳን ያላት ቅርጫት ለወር አበባ መጠበቂያ ናት። ከቦርሳዎ ያወጡትን ሶፍት ግን ገንዳው ውስጥ አይጣሉ፣ በውኃ አይሟሟም።

መልስ (መንገደኛው)፦
ክፍያ የለም። ባቡር ጣቢያ፣ ትልልቅ መደብር፣ ኮንቢኒ የሚሏቸው ትንንሽ ሱቆች ሁሉ በነፃ ነው፤ በጣቢያ ግን አብዛኛው ከትኬት በሩ ወዲያ ስለሆነ ሳይወጡ ይጠቀሙ። ለጉልበትዎ፣ የድሮው የቁጢጥ ዓይነት በቆዩ ጣቢያዎችና በመናፈሻዎች አሁንም አለ፤ በሩ ላይ የመቀመጫ ሥዕል ያለበትን ይምረጡ። ካጡ የተሽከርካሪ ወንበር ምልክት ያለበት ሰፊ ክፍል መደገፊያ ብረት ስላለው ይመችዎታል።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ቴክኖሎጂ ያዘጋጀ አገር እጅ ማድረቂያ ወረቀት ይነፍጋል! ሰዉ ሁሉ መሐረብ ይይዛል፤ እርስዎም ይያዙ።

ሰው ቤት ወይም ባህላዊ ማረፊያ ሄደው ከሆነ ደግሞ በመጸዳጃ ቤቱ ደጃፍ ሌላ ነጠላ ጫማ ተቀምጦ ያገኛሉ። የሳሎኑን አውልቀው እሱን ያጥልቁ፤ ሲወጡ እዚያው ይተዉት። በእሱ ምንጣፍ የረገጠ እንግዳ ማንም አይቆጣውም፤ የአስተናጋጆቹ ፊት ግን ይበቃል።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አብራኝ የምትሄደው ሙስሊም ናት፤ ያለ ውኃ አይሆንላትም። የሃይላንድ ጠርሙስ ትያዝ?

መልስ (የካትሱሺካው)፦
በሆቴልና በመደብር አያስፈልጋትም። የሚረጨው ውኃ ሞቅ ያለ ነው፣ ኃይሉንም ማስተካከል ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ቶቶ «ዎሽሌት» ብሎ ለገበያ ካቀረበው ወዲህ በየቤቱ ገብቷል። ሳይቀመጡ እንዲሠራ ግን አትሞክር፤ አብዛኛው መቀመጫ ሰው መቀመጡን ሳያውቅ አይረጭም። የቁጢጡ ዓይነትና አንዳንድ የመናፈሻ መጸዳጃ ቤት ይህ የለውም፤ ለዚያ ባዶ ጠርሙስ ቦርሳዋ ውስጥ ትክተትና እጅ መታጠቢያው ላይ ትሙላ።