ከመኖሪያ ቤቶች በላይ ያለ የግል የአፈር ግድብ የአደጋ ደረጃው በምን ይለካ?

ጥያቄ አቅራቢ፦ ከአዳማ ወጣ ብሎ፣ በአንድ የግል እርሻ ውስጥ ቁመቱ 7 ሜትር ያህል የሆነ የአፈር ግድብ አለ። ሲሠራ ከበታቹ ማሳ እንጂ ቤት አልነበረም፤ ዛሬ ግን ሰፈር ሆኗል። እንዲህ ያለው ግድብ በከፍተኛ የአደጋ ደረጃ ይመደብ ወይስ እንደ እርሻ ኩሬ ይታይ?

አትክልት አምራች፦ እኔ ራሴ በእንዲህ ያለ ውሃ ሽንኩርትና ቲማቲም የማለማ ሰው ነኝ። ባለቤቱ ግድቡን የሠራው ሰው ሳይሰፍር ነው። በኋላ የመጣ ሁሉ ከበታቹ ቤት በሠራ ቁጥር ደረጃው ከፍ እያለ የመሐንዲስ ክፍያውና የጥገናው ወጪ በገበሬው ላይ የሚወድቅ ከሆነ፣ ውሃ ለማቆር የሚደፍር አይኖርም። ደግሞስ 7 ሜትር ግድብ ከቆቃ ጋር እኩል ይታያል?

የውሃ መሐንዲስ፦ በመጠን አይነጻጸሩም። ዓለም አቀፉ የታላላቅ ግድቦች ኮሚሽን ታላቅ የሚለው ቁመቱ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ወይም ከ5 እስከ 15 ሜትር ሆኖ ከ3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ የሚይዘውን ነው። የአደጋ ደረጃ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ግድቡ ቢደረመስ ውሃው የሚያገኘው ማንን ነው? በደንብ የተሠራ ግድብም ከሰው መኖሪያ በላይ ከሆነ ደረጃው ከፍ ይላል፤ ይህ ባለቤቱን መውቀስ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ቁመቱ ከ5 ሜትር፣ የሚይዘው ውሃም ከ50,000 ሜትር ኩብ የሚበልጥን ግድብ፣ የግልም ቢሆን፣ በደኅንነት ቁጥጥር ሥር ታስገባለች። ጎረቤታችን ኬንያ፣ ሶላይ በተባለ ስፍራ፣ የግል እርሻ የአፈር ግድብ ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ማታ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተደርምሶ ከ40 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ያም እርሻ እንደኛው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው።

ከግድቡ በታች ነዋሪ፦ ባለፈው ነሐሴ ግድቡ ላይ ወጥቼ ያየሁትን ልናገር። ትርፍ ውሃ በሚወጣበት በማስተንፈሻው አፍ ላይ አፈር የተሞሉ ጆንያዎች ተደርድረዋል፤ ለበጋው ጥቂት ውሃ ለመጨመር ነው አሉኝ። በግርጌው በኩል ደግሞ ክንድ የሚያስገባ የጃርት ጉድጓድ አለ፤ ከአጠገቡ የሚወጣው ውሃ ሰኔ ላይ ጥርት ያለ ነበር፣ ነሐሴ ላይ ግን ደፍርሶ አየሁት። ልጆቼ የሚተኙት ከዚያ ቦታ 300 እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው።

የውሃ መሐንዲስ፦ መደፍረሱ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል፤ ስርገቱ፣ ማለትም በግድቡ ውስጥ ሰርጎ የሚወጣው ውሃ፣ የግድቡን አፈር ከውስጥ እየሸረሸረ መሆኑን ሊያመለክት ይችላልና። የጆንያው ነገርም ቀላል አይደለም፦ ማስተንፈሻው ሲጠብ ጎርፉ በግድቡ አናት ላይ ይፈስሳል፤ አናቱ አፈር ስለሆነም ቦይ ቆርጦ ለመውረድ ረጅም ጊዜ አይፈጅበትም።

አትክልት አምራች፦ ጆንያው መነሣት እንዳለበት አልከራከርም፤ ወጪውም የባለቤቱ ነው። ከግድቡ በታች የቤት ቦታ የሰጠው አስተዳደር ግን ለምርመራውና ማስተንፈሻውን ለማስፋት ድርሻውን ሳይከፍል ደረጃውን ብቻ ከፍ ማድረጉን አልቀበልም።

ከግድቡ በታች ነዋሪ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ቦታውን የመራን አካልም ይጠየቅ። የወጪው ክፍፍል እስኪቋጭ ግን ጆንያው ሳይነሣ፣ ስርገቱም በባለሙያ ሳይታይ ሌላ ክረምት ሊገባ አይገባም።