የሽጉጤን መንጠቆ (ባዶውን ቀለህ ስቦ የሚያወጣውን ክፍል) ኦሪጅናል ላድርገው ወይስ የሌላ ኩባንያ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቴክሳስ ነው። ለዒላማ ተኩስ የምጠቀምበት ባለ .22 ሽጉጥ አለኝ። በርሜሉ ቋሚ ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ውስጡ ያለው ቦልት (ወደ ኋላና ወደ ፊት እየሄደ ጥይት የሚያጎርሰው ብረት) ነው። ድምፅ ማፈኛውም በፌዴራል ፈቃድ በስሜ የተመዘገበ ነው።

ያለ ማፈኛው ምንም ችግር የለበትም። ማፈኛው ሲገጠም ግን ጥቂት ካዝና በደንብ ይተኩስና ባዶው ቀለህ ሳይወጣ ይቀራል። መውጫው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ቦልቱም ነክሶ ይይዘዋል። ማፈኛው ጋዙን ወደ ኋላ ስለሚመልሰው ይመስለኛል፣ ስከፍተው መንጠቆው ሥር ጥላሸትና የጥይቱ ሰም ተጋግሮ አገኛለሁ።

በደንብ አጸዳሁት፣ ዘይት ቀነስኩለት። ከድምፅ ፍጥነት በታች ከሚሄደው ባለ 40 ግሬን (የእርሳሱ ክብደት ነው) ጥይት ወደ መደበኛው ቀየርኩ። ትንሽ ተሻለው እንጂ አልለቀቀውም።

አሁን መንጠቆውንና ሞላውን ልቀይር ነው። ኦሪጅናሉ ርካሽ ነው፣ ልኩም አያሳስብም። የሌላ ኩባንያው ጫፉ ሹል ነው፣ ቀለሁን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል ይላሉ፤ ዋጋው ግን ወደድ ይላል። ከዋጋው ይልቅ የምፈልገው የማያስቸግር ነገር ነው።

በማፈኛ የምትተኩሱ ሰዎች፣ እንዲህ ጥላሸት በሚበዛበት ሽጉጥ ላይ ሳይነክስ ረጅም ጊዜ ያገለገላችሁ የትኛው ነው?